ነሐስ ሲሾር

የእህቴ ልጅ ምህንድስና ጨርሳ የመጣች ሰሞን አባቷ መንገድ ላይ ሰው እያስቆመ ይናገር ነበር። ዳቦ ቤት ይገባና ዳቦ ሳይገዛ ይወጣል፤ የገባው ለወሬው ነዋ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ተቀምጦ ስለ ልጁ ሲያወራ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ስለሚያዞር ጆሮው ከመቀስ የተረፈው በፈጣሪ ቸርነት ነው።

ሰውየውን ሰፈሩ "እቶን" ነው የሚለው። ስሙ ከሥራው ይውጣለት ከጠባዩ እስከ ዛሬ አልተለየም። ሥራው ማቅለጥ ነው። ነሐስና አሉሚኒየም አቅልጦ በአሸዋ ፎርማ ውስጥ ያፈሳል። ጠባዩም ያው ነው፤ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ግን አይበርድም። እኔ የሚስቱ ወንድም ነኝ። ከማቅለጫ ቤቱ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከግድግዳው ወዲህ፣ ቶርኖዬን ተክዬ እሠራለሁ። እሱ አፍስሶ ያወጣውን እኔ በቶርኖ ውስጡን እቦረቡራለሁ፣ ውጪውን እልጣለሁ። "እኔ እወልዳለሁ፣ አንተ ታጥባለህ" እያለ ይቀልድብኛል።

ታዲያ ያ ሁሉ ኩራት ልጅቷ ቱታ ለብሳ የማቅለጫ ቤቱ በር ላይ የቆመች ዕለት ዞረበት። እሱ ያሰበላት ቢሮ ነበር። ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ንጹሕ ልብስ። እኔ ጢስ የጠጣሁት አንቺ እንዳትጠጪ ብዬ ነው አላት። እሷም የተማርኩት ለዚሁ ጢስ ነው ብላ መለሰችለት። ሊያባርራት አልሆነለት፣ ሊያስገባት አልዋጥ አለው። እናም በመሃል ቤት ተዋት፤ አሸዋ ትነፋለች፣ የተበጠሰ የመብራት ገመድ ትቀጥላለች፣ ለሠራተኞቹ መዝገብ ትይዛለች። እሳቱ ዘንድ ግን ዝር እንዳትል።

እህቴ በነገሩ አልገባችም። አንድ ቀን አማላጅ ሁኚ ብላት፣ በሁለት ወፍጮ ድንጋይ መሃል የገባ ዱቄት ሆኖ ነው የሚወጣው አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች። እውነቷን ነው። ልጅቷ መልኳ የእናቷ ቢሆንም ግንባሯ የአባቷ ነው።

ነገሩ የተለወጠው የከተማው ውሃ የቆመ ጊዜ ነው።

ውሃችንን ከወንዙ ስቦ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገፋው አንድ ትልቅ ፓምፕ ነበር። በዚያ ፓምፕ ውስጥ ዘንጉን አቅፎ የሚይዝ የነሐስ ቀለበት አለ፤ ወርዱ እንደ ትልቅ ድስት፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር። እሱ ተሰነጠቀ። አዲሱ ከውጭ አገር ታዞ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል ተባለ። ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ወንዝ ወረደ። ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤቱን ዘጋ። ሐኪም ቤቱ ውሃ በመኪና እያስጫነ በቁጠባ ይጠቀም ጀመር።

የውሃ አገልግሎቱ ኃላፊ፣ ረዥምና ከሲታ ሰው ናቸው፣ የተሰነጠቀውን ቀለበት በጨርቅ ጠቅልለው እቶን ዘንድ መጡ። ፊታቸው ላይ ግን ተስፋ አልነበረም፤ ምክንያቱም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ እሱው ነበር ያፈሰሰላቸው፣ እኔው ነበርኩ የቦረቦርኩት። ሁለቱም ወር ሳይቆዩ ተሰነጠቁ። በቶርኖ ስልጠው ሆዱ ውስጥ ሽንብራ የሚያክሉ ቀዳዳዎች ይወጡ ነበር። ነሐሱ ሲቀዘቅዝ አየሩንና ቆሻሻውን በሆዱ ይዞ ይቀራል። ትንሽ ዕቃ ቢሆን አያሳስብም፤ እንዲህ ያለ ወፍራም ቀለበት ላይ ግን ገዳይ ነው። እቶን ይህን ያውቃል። ማወቁም ነበር የሚያበግነው።

ኃላፊው ከሄዱ በኋላ ልጅቷ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጣች። ፎርማው ቆሞ ከሚፈስበት እየዞረ ቢፈስበትስ አለች። ፎርማው እንደ እንዝርት ከሾረ ከባዱ ንጹሕ ነሐስ ወደ ውጪ ይሸሻል፣ ቀላሉ አረፋና ቆሻሻ ወደ መሃል ይቀራል፤ መሃሉን ደግሞ አጎቴ በቶርኖ ልጦ ይጥለዋል። ቀለበቱ ድፍን ይሆናል።

አባቷ ወደ እኔ ዞሮ ተረተ፤ "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።"

እሷ ግን አልተቀየመችም። በማግስቱ ከአሮጌ መኪና የወለቀ የጎማ እምብርት ከሚዞርበት ኩሽኔታ ጋር አምጥታ ወለሉ ላይ አቆመች፤ በቺንጊያ፣ በዚያ የጎማ ቀበቶ፣ ከትንሽ ሞተር ጋር አያያዘችው። በላዩ አፈ ሰፊ የብርጭቆ ማሰሮ አሰረች። ውሃ ልክ ከእኔ ተውሳ ዘንጉ ቀጥ ማለቱን አየች፣ ከሥሩ ቀጭን ቆርቆሮ እየሸጎጠች አስተካከለች። ከዚያ ማሰሮውን እስከ ወገቡ ውሃ ሞላችና ሞተሩን አስነሳች።

መጀመሪያ ውሃው ግራ ገባው። ዳር ዳሩ ዞረ፣ መሃሉ ቆመ። ቀስ በቀስ ግን ሁሉም አብሮ መዞር ጀመረ፤ ያኔ መሃሉ ጎደጎደ፣ ዳሩ በብርጭቆው ላይ ወጣ። ከጎን ስታየው ልክ የተጠረበ ሳህን ነው። የሚገርመው እርጋታው ነበር። እየዞረ የቆመ ይመስላል፤ አንድ ሞገድ የለበትም። ፍጥነቱን ስትጨምር ጉድጓዱ ጠለቀ፣ ስትቀንስ ተመልሶ ተንጣለለ።

ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ከበቡ። እቶን ግን ከሩቅ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ይህ መሣሪያ ውሃ ልክ የተባለው ለምን ሆነና አለ፣ ውሃ ጠፍጣፋ ስለሆነ አይደለም ወይ። እሷም ውሃ ጠፍጣፋ የሚሆነው የሚጎትተው አንድ ነገር፣ የራሱ ክብደት፣ ብቻ ሲሆን ነው አለችው። ሲዞር ግን ወደ ውጪ የሚገፋው ሌላ ኃይል ይመጣበታል፤ ከመሃል በራቀ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል። ስለዚህ ውሃው ለሁለቱም ጌቶች እኩል ለመታዘዝ ጀርባውን ያጎብጣል። አነጋገሯ ደስ አለኝ። እሱም ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ብቻ አላሳየም።

"ይሁን፣ ውሃ ነው" አላት። "ነሐስ ግን ውሃ አይደለም። ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ታውቂያለሽ? እንዲህ እንደ ቅጠል የሚታዘዝልሽ መሰለሽ?"

"ክብደቱ ለውጥ የለውም አባዬ" አለች። "ከባዱን ወደ ታች የሚጎትተውም ወደ ውጪ የሚገፋውም በክብደቱ ልክ ይበረታል። ቅርጹን የሚወስነው ፍጥነቱ ብቻ ነው።"

ማሰሮው እየዞረ ሳለ ከፊቱ ቁራጭ መስታወት አቁማ የውሃውን ጀርባ መስመር በመስታወቱ ላይ በቀለም ተከትላ አሰመረች። ከዚያ ውሃውን ደፍታ በዚያው መጠን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሞላች፣ በዚያው ፍጥነት አዞረችው። ጥቁሩ ዘይት ተንሸራቶ ተንሸራቶ መጣና በቀለሙ መስመር ላይ ልክ ብሎ አረፈ። አንዱ ሠራተኛ በሹክሹክታ "ውይ" አለ። እቶን ዘይትም ያው ዘይት ነው ብሎ ወደ እቶኑ ተመለሰ።

ካርቶን ወስዳ በመስመሩ ልክ ቀደደችና ምስማር ላይ ሰቀለችው። እልህ አልተጋባችም። ያን ቀን ይበልጥ ያኮራችኝ በዚህ ነው። የተማረ ሰው ትክክል ሲሆን ብዙ ጊዜ ዝም ማለት አይሆንለትም።

በበነጋው እሷ ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ሳለ ከግድግዳው ማዶ የትንሿን ሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሾልኬ ባይ እቶን ብቻውን ነው። ብርጭቆውን አንስቶ በቦታው የቀለም ቆርቆሮ አስሯል፤ እርሳስ አቅልጦ እያፈሰሰበት ነው። የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚገኘውን ከባዱን እርሳስ። ፍጥነቱን ልጁ ትታው በሄደችበት ላይ አልነካውም። እርሳሱ ዞሮ ዞሮ እየደበዘዘ ሄደ፣ ረጋ። ሞተሩን አቁሞ ቆርቆሮውን በመቀስ ቀደደና እርሳሱን አወጣ። ግራጫ ጎድጓዳ ሳህን ሆኗል።

ከምስማሩ ላይ ካርቶኑን አወረደ። ዙሪያውን አየ፤ እኔን አላየኝም። ካርቶኑን በእርሳሱ ጉድጓድ ውስጥ አቆመው። ገጠመ። ከዳር እስከ ዳር በመሃላቸው ፀጉር ብታስገባ አይገባም። አዙሮ በሌላ በኩል ሞከረው፣ አሁንም ገጠመ። ከዚያ ያ ጠባየ እሳት ሰውዬ፣ እርሳሱን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አድርጎ በርጩማው ላይ ተቀመጠና በመዳፉ ጉድጓዱን ይደባብሰው ጀመር። አንድ ሰው የልጁን ራስ ሲዳብስ ነው የሚመስለው። እኔ ወደ ቶርኖዬ ተመለስኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ቆሞ ማየት ነውር ነው።

ልጅቷ ስትመለስ እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ካርቶኑ በውስጡ። አባቷም ለነሐሱ የሚበቃ ዘንግ ምን ያህል ውፍረት ሊኖረው እንደሚገባ ጠየቃት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሁለቱም ነበር፤ ማን የቱን እንደሠራ ለመለየት ያስቸግራል። ወለሉን ቆፍረው ጉድጓድ አበጁ፤ የሚሾረው ፎርማ በዚያ ውስጥ እንዲቆም፣ ቢፈነዳ እንኳ ፍንጣሪው ከአፈሩ ጋር እንዲታገል። ዙሪያውን የአሸዋ ጆንያ ደረደሩ። ፎርማውን እኔ ከወፍራም ብረት ቦረቦርኩት፤ ከላይ መሃሉ ክፍት የሆነ ክዳን አለው፣ ነሐሱ በዚያ ይገባል፣ ዳሩን ተከትሎ ወጥቶ እንዳይፈስ ደግሞ ክዳኑ ይይዘዋል። እሷ የሞተሩን ጉልበትና ቺንጊያው የሚጠመጠምበትን የፑሌጃውን ስፋት አሰላች። ቺንጊያው ሲላላ የሚያጠብቅ ረዥም የብረት እጀታም አበጀች።

በአንድ ነገር ብቻ አልተስማሙም፤ በፍጥነቱ። ነሐሱ ሲሾር ውስጡ ያው ሳህን ነው የሚሆነው አለች፤ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ቀጭን ሆኖ ይረጋል። ይህ እንዲቀንስ በጣም በፍጥነት መሾር አለበት። ያን ጊዜ ሳህኑ ቁመቱ ከመርዘሙ የተነሳ እኛ የምንፈልጋት አንዲት ስንዝር ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይመስላል። እሱ ግን ፈራ። ለራሱ አይደለም። ቀልጦ የሚነድ ነሐስ በዚያ ፍጥነት ሲዞር፣ ልጁ ደግሞ አጠገቡ ቆማ፣ ሊያስበው አልቻለም። በግማሹ ፍጥነት እንጀምር አለ። እሷም እምቢ አላለችም።

የመጀመሪያውን አፈሰስን። ጥሩ ወጣ፤ ድፍን፣ ወርቅ የመሰለ። እቶን ፊቱ በራ። እኔ ቶርኖ ላይ አስሬ የውስጡን ስፋት የምለካበትን ካሊፐሬን ስከትበት ግን የላይኛው ዳር ገና ሳይነካ ከሚፈለገው በላይ ሰፍቷል። የታችኛው በጣት ውፍረት ተርፎታል። የሚላጥ ነገር የለም፤ ከታች ብልጥ ከላይ አይሞላም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብን።

ልነግራቸው ሄድኩ። እሱ ሰማኝና ልጁን ተመለከተ። እንግዲህ የሚጠብቀው "ብዬህ ነበር" የሚለውን ቃል ነበር፤ እሱ በቦታዋ ቢሆን ለወር የሚበቃ "ብዬሽ ነበር" ይኖረው ነበር። እሷ ግን ቀለበቱን ተቀብላ ውስጡን በጣቷ ዳሰሰችውና ሥራው ንጹሕ ነው አለች፤ ለሄደበት ፍጥነት መሆን የሚገባውን ነው የሆነው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ይህ ዝንባሌ ሩብ ብቻ ይቀረዋል፣ ሩቡን ደግሞ አጎቴ ይልጠዋል።

እሱ ፊቱን በፎጣ ጠረገ። "እጥፍ አድርጊው" አላት።

እጥፍ ስናደርገው ባዶው ፎርማ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀር ጮኸ። ይህን የፈታው ደግሞ እሱ ነው። ያ ሰው ለሚዛን ያለው እጅ የተለየ ነው። ፎርማውን በእጁ በቀስታ እየገፋ ለቀቀው፤ ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ወደ ታች አጋድሎ ሲቆም አየ፤ እንዲህ እንዲያጋድል ዘንጉን አግድም አስተኝቶት ነበር። በቀላሉ ጎን ላይ ትንሽ ብረት በየደ፣ እንደገና ለቀቀው፣ እንደገና በየደ። ልጅቷ አጠገቡ ተንበርክካ እንዴት እንደሚያደርገው ትከታተለው ነበር። አንዴ ቀና ብላ ይህን ማን አስተማረህ ስትለው የወፍጮ ድንጋይ አላት። በመጨረሻ ፎርማው በየትም አቅጣጫ ቢተዉት ባለበት የሚቆም ሆነ። መልሰን አቁመን በሙሉ ፍጥነት ስናዞረው ድምፁ እንደ ንብ ቀፎ ሆነ እንጂ ጣሪያው አልጮኸም።

ሁለተኛውን ያፈሰስነው ቀትር ላይ ነው። የውሃው ኃላፊ መጥተው በር ላይ ቆመዋል፤ እህቴም ሳትጠራ መጥታ ከኋላቸው ቆማለች። እቶን ትልቁን ጭልፋ በሁለት እጁ ይዞ ከጉድጓዱ ራስ ቆመ። ልጅቷ በሞተሩና በእጀታው መሃል ነበረች። ከመጀመሩ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁላችንም እንድንሰማ፣ ዛሬ የምታዘው እሷ ናት አለ። አቁም ካለች እናቆማለን፣ ቀጥል ካለች እንቀጥላለን። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም ብላለች እህቴ በኋላ።

ነሐሱ ገባ። ነጭ ብርሃን ከጉድጓዱ ወጣ፤ ዓይን አያስችልም። ሞተሩ ከባድ ሸክም እንደተጫነበት አህያ አቃሰተ። ግማሹ ገብቶ ሳለ ጎማ የተቃጠለ ሸተተኝ። ቺንጊያው እየተንሸራተተ ነበር፤ ጢስ ከፑሌጃው ላይ ተነሳ። የፎርማው ድምፅ ሲወርድ ተሰማኝ። እጄ ሳላዘው ወደ ማጥፊያው ሄደ፤ ብናጠፋው ግን ነሐሱ ሁሉ ከግድግዳው ላይ ተደርምሶ ወደ ታች ይከመራል፣ ሥራው ያበቃል። እቶን ጭልፋውን እንደያዘ ዓይኑን ከነሐሱ ሳያነሳ ጠየቃት፤ "ልጄ?"

"ቀጥል" አለች።

እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። እግሯ ከመሬት ተነሳ፤ እጀታው ላይ ተንጠለጠለች ማለት ይቀላል። ቺንጊያው ጠበቀ። የንቡ ድምፅ ተመልሶ ወጣ። አባቷ ቀጭንና እኩል አድርጎ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ አፈሰሰ። ጭልፋውን አስቀምጦ ሊረዳት ቢሄድ ራሷን ነቅንቃ ከለከለችው፤ ሁለት ሰው ቢንጠለጠልበት ቺንጊያው ይበጠሳል። እናም ያ ሰው፣ የማንንም ትእዛዝ የማይቀበለው፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። ፊቷ ላይ ላብ ይወርዳል፤ ዓይኗ ግን ከፎርማው አፍ አልተነሳም። ነጩ ብርሃን ቢጫ ሆነ፣ ቢጫው ቀላ፣ ቀዩ ጠቆረ። ያኔ እጀታውን ለቀቀችና አቁሙት አለች።

ማንም አላጨበጨበም። ኃላፊው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ነበር።

ቀለበቱ እስኪበርድ ጠብቄ ቶርኖ ላይ አሰርኩት። በዕድሜዬ ብዙ ነሐስ ልጫለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላጋጠመኝም። የሚላጠው ሳይቆራረጥ እንደ ፀጉር ጥቅል ይወርዳል። ከውስጥ አረፋውና ቆሻሻው ሁሉ መሃል ተሰብስቦ ስለነበር በመጀመሪያው ዙር ተላጦ ሄደ፤ ከሥሩ የወጣው ነሐስ እንደ መስታወት ነው፤ አንዲት ቀዳዳ የለም። ዝንባሌውን ለካሁት፤ ሩብ ነው። እሷ እንዳለችው፣ ሩብ። የካሊፐሩን ውጤት ጮክ ብዬ ተናገርኩና ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ነሐስ ልክ ስለገባ የሚያለቅስ አጎት ታይቶ አያውቅም፤ ብናኝ ገባብኝ አልኳቸው።

ቀለበቱን ፓምፑ ውስጥ የገጠምነው በማግስቱ ነው። ልጅቷ ራሷ ወርዳ አስገባችው። ፓምፑ ሲነሳ ኃላፊው ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው አዳመጡና ቀና ብለው፣ እርስዎ ዘንድ እንዲህ ያለ ሥራ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው ሲሉ እቶንን ጠየቁት። እጁን በቱታው ጠረገ፣ ጉሮሮውን ሞረደ።

"ከእሷ ጀምሮ ነው" አላቸው። "እኔ አባቷ ነኝ።"

ልጅቷ ዘይት በተቀባ እጇ ፊቷን ሸፈነች። ኃላፊው በሁለት እጃቸው ጨበጧት፤ በዘይቱ የተበላሸ ነጭ የሸሚዝ እጅጌያቸውን እያሳዩ ለቢሮ ሰዎች ሲያወሩ ሰነበቱ አሉ። ከዚያም ወዲያ የወፍጮ ባለቤቶች፣ የጀልባ ሠሪዎች፣ ከሩቅ ከተማ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ የሚሾር ነሐስ እያሉ በራችን ላይ ይቆሙ ጀመር። እቶን አሁን እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የእርሳስ ሳህን ያሳያል። ካርቶኑን በውስጧ እያቆመ፣ ከባድም ቀላልም ሲዞር እኩል እንደሚጎብጥ ራሱ ያስረዳል፤ ሲሳሳት ልጅቷ አታርመውም፣ እሱ ራሱ ወደ እሷ ዞር ብሎ በዓይኑ ይጠይቃታል።

ውሃው የተለቀቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ እህቴን ፈልጌ ቤት ብሄድ የለችም። የቧንቧው አፍ ክፍት ተትቶ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል። ዘግቼው ወጣሁ። የሰፈሩ ቦኖ ጋ የሴቶቹ ወረፋ እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሷል፤ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ፣ ሁሉም እኩል እየተናገረ። እህቴ ከመሃል ቆማለች። ጥሩ ሻርፗን ለብሳለች። ጀሪካንም ባልዲም አልያዘችም።

ቤትሽ ውሃ እየፈሰሰ እዚህ ባዶ እጅሽን ምን ትሠሪያለሽ አልኳት።

"ዝም በል" አለችኝ፣ ከፊቷ ያሉት ሴቶች ስለ ልጇ የሚሉትን እንዳታጣ ጆሮዋን ወደ እነሱ እንደቀሰረች። "ወሬ ልቀዳ ነው የመጣሁት።"

እኔም ከኋላዋ ተሰለፍኩ።